ለስኳር የቱ ይሻላል? ሜትፎርሚን ወይስ ውዶቹ

ስለ ስኳር መድኃኒት የሚጠይቁኝ ጓደኞቼ ከዋጋ ቀጥሎ የሚያነሱት «ካንሰር የሚያመጣው የትኛው ነው?» የሚለውን ነው። ሌላው ደግሞ ሜትፎርሚን ካንሰር ይከላከላል ሲባል ሰምቶ፣ ስኳር ሳይኖርብኝ ልዋጠው ወይ ይለኛል። ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር። ዓይነት 2 ስኳር ላለበት፣ ኩላሊቱም ደህና ለሆነ ሰው መጀመሪያ ሜትፎርሚን ነው።

ኢንሱሊን ስኳርን ወደ ሴል ያስገባል። ከዚያም አልፎ ሴል እንዲያድግና እንዲባዛ የሚያዝ ሆርሞን ነው። ካንሰር ደግሞ ያለልክ የሚባዛ ሴል ነው፤ ስለዚህ ስለ ማንኛውም የስኳር መድኃኒት መጀመሪያ የምጠይቀው ደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን ያበዛል ወይስ ይቀንሳል ብዬ ነው።

ሜትፎርሚን ይቀንሰዋል። ጉበት ስኳር ማምረቱን እንዲቀንስ ያደርጋል እንጂ ቆሽትን አያስጨንቅም። ሴል ውስጥ ሲገባ የሴሉን ጉልበት አምራች፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ያዳክማል፤ ሴሉ ጉልበት ሲያንሰው ኤኤምፒኬ የሚባለው ፕሮቲን ይነቃል፤ እሱም እድገትን የሚያፋጥነውን ኤምቶርን ያቀዘቅዘዋል። በላብራቶሪ የካንሰር ሴሎች ሲገቱ የታየው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ሙከራዎች የተጠቀሙት መጠን፣ ክኒኑን የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው ከመቶ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሰው ላይም ተሞክሯል። የጡት ካንሰር ያለባቸው፣ ስኳር ግን የሌለባቸው 3,649 ሕሙማን የገቡበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ፣ በዋናው መለኪያ ሜትፎርሚን ከባዶ ክኒን አልተሻለም። ለስኳራችሁ ግዙት፤ ለካንሰር ብላችሁ ግን ገንዘብ አታውጡ።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ሜትፎርሚን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በሕክምና ላይ ያለ መድኃኒት ነው። ፓተንት የለውም፤ ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት ርካሽ ነው። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በላይ የሚያወርደው ከስንት አንዴ ስለሆነ የደም ስኳር መለኪያ ወረቀት ወጪም ይቀንሳል። ሌላው የስኳር ክኒን ግሊበንክላማይድም በሳጥኑ ዋጋ ርካሽ ነው። ነገር ግን ቆሽትን እየጨመቀ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ስኳር በድንገት ያወርዳል፤ ክብደት ይጨምራል። ወረቀቱን፣ ድንጋጤውንና ሐኪም ቤት መሮጡን ስትደምሩ ርካሽነቱ ይቀራል።

ቀስ ብሎ የሚሟሟው ሜትፎርሚን ከተራው ይወደዳል። በትርፉ የምትገዙት በዋናነት የሆድ ምቾት ነው። ተራውን ከምግብ ጋር ሆዳችሁ ከቻለው ጭማሪውን አትክፈሉ። ከገዛችሁትም አትስበሩት፣ አትፍጩት። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ኤንዲኤምኤ የተባለ ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል ንጥረ ነገር ከሚፈቀደው በላይ ተገኝቶበት ከገበያ የተሰበሰበውም ይኸው ቀስ ብሎ የሚሟሟው ዓይነት ነበር። ስለዚህ አምራቹ ማን እንደሆነ ሳታዩ ሳጥን አታንሡ። ሜትፎርሚንን ዓመታት የወሰደ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ይመርመር፤ መድኃኒቱ ያሳንሰዋል።

ኢንሱሊንን በተመለከተ ዓይነት 1 ያለበት፣ ቆሽቱ ኢንሱሊን የማይሠራለት ሰው ምርጫ የለውም፤ ሕይወቱ ነው፤ በካንሰር ወሬ አያቁመው። እ.ኤ.አ. በ2009 ግላርጂን የተባለው የኢንሱሊን ዓይነት ዕጢ ያሳድጋል የሚል ስጋት ተነሥቶ ነበር። በ2012 የወጣውና 12,537 ሰዎችን ለስድስት ዓመት ያህል የተከታተለው ኦሪጅን የተባለው ጥናት የካንሰር ልዩነት አላገኘም። የሚያናድደኝ ዋጋው ነው። የኢንሱሊን ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1923 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተሸጠው ለእያንዳንዱ ባለመብት በአንድ ዶላር ነበር! ኤንፒኤች የሚባለው አሮጌው ኢንሱሊን ከአዳዲሶቹ ይረክሳል፤ ለብዙ ሰውም ይበቃል፤ ሌሊት ስኳር እንዳይወርድ መጠንቀቅ ግን ይፈልጋል።

ፒዮግሊታዞን የተባለውን የስኳር ክኒን አልወደውም። መቅኔ ውስጥ አጥንት መሆን የሚችሉ ሴሎችን ወደ ስብ ሴልነት ይገፋቸዋል፤ በተለይ ሴቶች ላይ ስብራት ይበዛል። ውኃ ስለሚያስቋጥር ልቡ ለደከመ ሰው አይሆንም። በፊኛ ካንሰር ስጋት ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2011 አግዳዋለች። በኋላ የመጡት ጥናቶች አንድ ሐሳብ ላይ አልደረሱም። ያም ሆኖ ርካሹ ሜትፎርሚን እያለ እሱን የማስቀድምበት ምክንያት አይታየኝም።

ውዱ በፔን (ብዕር በሚመስል መርፌ) የሚወጉት ሴማግሉታይድ ነው። ክብደት ይቀንሳል፤ ልብንም ይጠቅማል፤ ይህን አልክድም። አይጦች ላይ የታይሮይድ ሲ ሴሎችን አባዝቶ ዕጢ አምጥቷል። በሰው ሲ ሴል ላይ መድኃኒቱ የሚያርፍበት ተቀባይ በጣም ጥቂት ነው። ቢሆንም በቤተሰቡ ከእነዚህ ሲ ሴሎች የሚነሣው ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለ ሰው አይወስደውም። ክፍያው ደግሞ አያልቅም፤ ስታቆሙት ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ፎርጅድ ሴማግሉታይድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦስትሪያ ውስጥ ሐሰተኛ ፔን የተወጉ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ውስጡ ኢንሱሊን ነበር ተብሎ ተጠርጥሯል። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅትም ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የሳጥኑና የፔኑ የምርት (ባች) ቁጥር ካልተመሳሰለ፣ ጽሑፉ ከተዛባ፣ ሻጩም «ለአንተ ብዬ ነው» እያለ ግማሽ ዋጋ ከጠራላችሁ ትታችሁ ውጡ። በዚያ ገንዘብ የወራት ሜትፎርሚንና የመለኪያ ወረቀት ይገዛል።