ዎልስተን፦ ለመርከብ ሠሪ የተለካ ሳህን

የእንግሊዟ ወደብ ከተማ ሳውዝሃምፕተን የሄደ ሰው መሀል ከተማ በልቶ ይመለሳል። እኔ ባለፈው ዓርብ የኢቸንን ወንዝ ተሻግሬ፣ ማዶ ያለው ዎልስተን የሚባል ሰፈር በላሁ። ድልድዩ መኪና ያስከፍላል፤ እግረኛ ግን በነጻ ነው። በእግሬ ሄድኩ። ኮፍያዬ ከነፋሱ የተረፈው ለጥቂት ነው።

ቤቷ ስድስት ጠረጴዛ ያላት፣ መስኮቷ በእንፋሎት የታፈነ ጠባብ ዓሣ ቤት ናት። ስሟን የማልጽፈው ወረፋ እንዳይበዛብኝ ነው። አስተናጋጇ "ማይ ላቭ፣ ምን ላምጣ?" አለችኝ። ደነገጥኩ። በኋላ ሳይ ግን ለሁሉም ነው የምትለው፣ አጠገቤ ላሉት ሽማግሌም ጭምር።

ዓሣና ቺፕስ አዘዝኩ። ዓርብ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እናቴ ጋ ይቆይ። ሲመጣ ዓሣው ከሳህኑ በሁለቱም በኩል ወጥቷል። ቅርፊቱን በሹካ ስነካው ኳ አለ። ውስጡ ነጭ፣ በንብርብር የሚላቀቅ፣ አፍ የሚያቃጥል። ቺፕሱ ወፍራም ነው፤ ላይ ላዩ ጥሩ ሆኖ ከሥር ያለው በኮምጣጤ ላሽቋል። የተፈጨው አረንጓዴ አተር ግን ጨው የሚባል አላየም። ሽሮ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ በርበሬ ቢኖረኝ እዚያው አስተካክለው ነበር።

"ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?" አልኩ። ሽማግሌው ሳቁ። "ሲበይድ ለዋለ ሰው ነው" ብለው በመስኮቱ ወደ ወንዙ ጠቆሙኝ። አዳዲስ አፓርታማዎች የተደረደሩበት ቦታ የመርከብ ማምረቻ ነበር። ቶርኒክሮፍት የሚባለው የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1904 ከለንደን ወደዚህ መጥቶ መቶ ዓመት ገደማ የጦር መርከብ ሠራበት። ከዚያ ሥራው ወደ ፖርትስመዝ ሄደ። ሠራተኛው ሄዶ የሠራተኛው ሳህን ቀረ።

ድልድዩም አዲስ ነው፤ የተከፈተው በ1977 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1836 ጀምሮ፣ ሰው የሚሻገረው "ተንሳፋፊ ድልድይ" በሚሉት፣ ወዲያና ወዲህ እየተጎተተ በሚመላለስ ጀልባ ነበር። ሽማግሌው ብስክሌታቸውን ይዘው ይሳፈሩበት እንደነበር ነገሩኝ። ናፍቆታቸው ከዓሣው በላይ ይታየኝ ነበር።

ስፒትፋየር የሚባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን የሠራው ሱፐርማሪን የተባለ ኩባንያም እዚሁ ወንዝ ዳር ነበር። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለው ኢስትሌይ መጋቢት 5 ቀን 1936 (በነሱ አቆጣጠር) በረረች። ሦስት ወር ሳይሞላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ላይ ከመርከብ ወረዱ። ሕዝባቸው ላይ በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ተረጭቶ የተሰደዱ ንጉሥ፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን የሚሠራበት ከተማ ደረሱ። ይሄ ነገር ሲገጣጠምልኝ ትንሽ ዝም አልኩ።

የጀርመን ቦምብ ጣዮች መስከረም 24 እና 26 ቀን 1940 (አሁንም በነሱ አቆጣጠር) የሱፐርማሪንን ፋብሪካ መቱት። ከመቶ ሰው በላይ ሞተ። ሥራው ግን አልቆመም፤ በከተማው ጋራዦች፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ሌላው ቀርቶ በልብስ ማጠቢያ ቤት ተበታትኖ ቀጠለ። ስፒትፋየር በልብስ ማጠቢያ ቤት! እዚህ ጋ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

ሻዩ ወተት በዝቶበታል። ካርድ አይቀበሉም፤ ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ ዝናብ ውስጥ ወጥቼ ተመለስኩ፣ ይሄ አናዶኛል። ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ አንዱን አተሩ ወስዶታል። ከቀትር በፊት ካልደረሳችሁ መቀመጫ አታገኙም።

ግማሹን ዓሣ መጨረስ አቃተኝ። አስተናጋጇ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። ድልድዩ መሀል ስደርስ ኪሴ ውስጥ ገና ትኩስ ነበር።