በስክራች ጠፍጣፋ መድረክ ላይ ጥልቀት መፍጠር፦ የአንድ መሣሪያ ግምገማ

ታዳጊዎች ፕሮግራም መሥራት የሚማሩበት ስክራች ጥልቀት የሚባል ነገር አያውቅም። መድረኩ 480 በ360 ነጥብ የሆነ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ አንድ ስፕራይት (በመድረኩ ላይ የሚታዘዝ ሥዕል) በአግድም ከ-240 እስከ 240፣ በቁመት ከ-180 እስከ 180 ባለው ክልል ይንቀሳቀሳል እንጂ ወደ ተመልካቹ ቅረብ ወይም ከተመልካቹ ራቅ የሚል ብሎክ (ከሌሎች ጋር እየተገጣጠመ ፕሮግራም የሚሆን የትእዛዝ ቁራጭ) የለውም። ሆኖም ስክራች ሲከፈት መድረኩ ላይ የምትገኘውን ድመት ከዳር እስከ ዳር ማስኬድ የቻለ ታዳጊ ብዙ ሳይቆይ «ወደ ውስጥ እንድትገባስ ማድረግ ይቻላል?» ብሎ ይጠይቃል። ታዳጊዎችን ፕሮግራም ሳስተምር ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለቀረበልኝ፣ መሣሪያውን በዚህ መስፈርት ብቻ ለመመዘን ወሰንኩ። ባለ ሦስት አውታር ጨዋታ ሠርቶ ለማውጣት ስክራች ደካማ ነው፤ ሦስተኛው አውታር፣ ማለትም ጥልቀቱ፣ ከምን እንደሚሠራ ለመረዳት ግን ለጀማሪ ከእርሱ የሚሻል አላገኘሁም።

ለማያውቁት ለማስታወስ ያህል፣ ስክራች በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚዲያ ላብ ውስጥ በሚቸል ሬዝኒክ የሚመራው ቡድን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያቀረበው ነጻ መሣሪያ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሦስተኛው ዕትም በጥር 2019 ወጥቷል፤ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛም ይገኛል፤ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት መጠቀምም ይቻላል።

ቀላሉ መንገድ ዓይንን ማታለል ነው። የኋላውን ተራራ በዝግታ፣ የፊቱን ዛፍ በፍጥነት ማንሸራተት፣ የራቀውን ስፕራይት ማሳነስና ከሌሎቹ ኋላ ማስቀመጥ ይበቃል። ይህ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ የሚያስተምረው ነገር የለም።

ቁም ነገሩ ያለው በአንዲት ማካፈል ላይ ነው። በረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ዳር ቆሞ የስልክ እንጨቶችን የተመለከተ ሰው፣ እኩል ቁመት ያላቸው እንጨቶች በራቁ ቁጥር እያጠሩና ወደ አንድ ነጥብ እየተሰበሰቡ እንደሚሄዱ ያውቃል። ስክራች ይህንኑ እንዲያሳይ፣ ነገሩ ከመሐል ያለውን አግድም ርቀት በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዝቶ በጥልቀቱ ማካፈል፣ ለቁመቱም ያንኑ መድገም ያስፈልጋል። ቋሚውን 240 ብናደርገው፣ ከመሐል 100 ወደ ቀኝ፣ በ400 ጥልቀት የተተከለ እንጨት መድረኩ ላይ 60 ቁጥር ላይ ይቆማል፤ ያው እንጨት ወደ 600 ጥልቀት ቢርቅ 40 ላይ ይሆናል። 240 የመድረኩ ስፋት ግማሽ ስለሆነ የእይታው ስፋት በትክክል 90 ዲግሪ ነው፤ ቋሚውን ከፍ ባደረግነው መጠን እይታው እየጠበበ ይሄዳል። አንድ ልጅ ይህን ቁጥር በገዛ እጁ ለውጦ መንገዱ ሲዘረጋና ሲሰበሰብ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚነበበው ነገር፣ የክፍልፋይ ትምህርት ለምን እንደሆነ በሰሌዳ ለማስረዳት ካደረግኩት ጥረት ሁሉ ይበልጥብኛል።

ወጥመዶችም አሉ። ጥልቀቱ ዜሮ ሲደርስ ስሌቱ ይፈርሳል፤ ከተመልካቹ ኋላ ያለፈ ነገር ደግሞ ተገልብጦ ፊት ለፊት ብቅ ስለሚል፣ ጥልቀቱ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ስፕራይቱን መደበቅ ግድ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ስክራች አንድን ሥዕል ከመድረኩ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ማሳደግን ስለሚከለክል፣ ወደ ተመልካቹ እየቀረበ የመጣ ግድግዳ በድንገት ማደጉን ያቆማል። ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች መጀመሪያ ወደ ባዶ ትንሽ ሥዕል ቀይረው፣ መጠኑን ካዘዙ በኋላ ወደ ዋናው ሥዕል በመመለስ ያልፉታል። የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ጀማሪ በራሱ አስቦ ሊደርስበት የሚችል አይደለም።

የሚዞር ኩብ መሥራት ቀጣዩ ደረጃ ነው። ስምንት ማዕዘኖችና 12 ጠርዞች በብዕር ይሣላሉ፤ ብዕሩ በሦስተኛው ዕትም ወደ ተጨማሪ መሣሪያዎች ክፍል ስለተዛወረ መጀመሪያ ከዚያ ማምጣት ያስፈልጋል። ማዞሩ በሳይንና በኮሳይን ይከናወናል፤ ስክራች ማዕዘንን በዲግሪ መቀበሉም ለተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው፦ አዲሱን አግድም ቁጥር በአሮጌው ላይ ይተኩና ጥልቀቱን በአዲሱ ያሰሉታል፤ ኩቡም በዞረ ቁጥር እየተጣመመና እየኮሰመነ ይሄዳል። ስሕተቱን ማግኘት ያን ያህል ከባድ የሚሆነው በከፊል የመሣሪያው ጥፋት ነው። ተጠቃሚው የሚሠራቸው ብሎኮች ውጤት መልሰው መስጠት ስለማይችሉ፣ ሁሉም ስሌት በተለዋዋጮች (ቁጥር በሚቀመጥባቸው ስም ያላቸው ቦታዎች) ውስጥ ይከማቻል፤ ዝርዝሮችም ባለ አንድ ረድፍ ብቻ በመሆናቸው ለአንድ ነጥብ ሦስት ዝርዝሮችን ጎን ለጎን መያዝ ያስፈልጋል። ስክሪኑን ሳያድስ ስሌቱን በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው የብሎክ አማራጭ ባይኖር ኖሮ፣ ኩቡ መስመር በመስመር ሲሣል እያየን እንቀመጥ ነበር።

ከሁሉም ያስደሰተኝ የጨረር ዘዴው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዎልፈንስታይን ስሪዲ የተባለው ጨዋታም የቆመው በዚሁ ዘዴ ላይ ነው። ከላይ የሚታይ ጠፍጣፋ የግድግዳዎች ካርታ ይዘጋጃል፤ ከተጫዋቹ ቦታ ተነሥቶ የማይታይ ትንሽ ስፕራይት እንደ ጨረር ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ይላካል፤ የተጓዘው ርቀት ተቆጥሮ አንድ ቋሚ ቁጥር ለርቀቱ ሲካፈል የግድግዳው ቁመት ይገኛል። እይታው 60 ዲግሪ ሆኖ 120 ጨረሮች በግማሽ ዲግሪ ልዩነት ከተላኩ፣ እያንዳንዱ አራት ነጥብ ውፍረት ባለው የብዕር መስመር ተሥሎ መድረኩን ይሞላዋል። በመጀመሪያው ሙከራ ቀጥ ያለው ግድግዳ ጎብጦ ይታያል፤ ምክንያቱም 100 ርቀት ላይ ያለውን ግድግዳ የመሐሉ ጨረር በ100 ሲነካው የዳሩ ጨረር 115 ያህል ይጓዛል። ርቀቱን በማዕዘኑ ኮሳይን ማባዛት ጉብጠቱን ያቃናዋል። የብዕሩ ጫፍ ክብ መሆኑ ግድግዳው ከላይና ከታች የተሸራረፈ እንዲመስል ማድረጉ ግን ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

የተሞሉ ገጾች፣ ማለትም በቀለም የተሸፈኑ የቅርጽ ፊቶች፣ ላይ ሲደረስ ስክራች አቅሙ ያልቃል። ሦስት ማዕዘን የሚሞላ ብሎክ ስለሌለ በመስመር ብዛት መሙላት፣ ከዚያም ገጾቹን ከሩቁ ወደ ቅርቡ በቅደም ተከተል መሣል ያስፈልጋል፤ በሰከንድ 30 ጊዜ መታደስ የሚገባው ምስል ገጾቹ ሲበዙ መንቀርፈፍ ይጀምራል። የክሎኖች (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚፈጠሩ የስፕራይት ቅጂዎች) ቁጥርም ከ300 አያልፍም። ያንኑ ፕሮጀክት ተርቦዋርፕ በተባለው የስክራች ተዛማጅ ውስጥ ሲከፍቱት ብሎኮቹ ወደ ጃቫስክሪፕት፣ ማለትም የድረ-ገጽ ማሰሻዎች ወደሚያሠሩት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ስለሚቀየሩ ፍጥነቱ በግልጽ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከጨረር ዘዴው አልፎ ለሚሄድ ተማሪ ይህንን እመክራለሁ።

ሳይንና ኮሳይን ላልደረሰ ልጅ የስልክ እንጨቶቹ መንገድ በቂ ነው፤ ማባዛትና ማካፈል ከቻለ ይሠራዋል። ለደረሰው ግን ከዝግጁ የጨዋታ ሞተር (ጥልቀቱን ራሱ አስልቶ ከሚያሳይ የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር) በፊት ኩቡን፣ ቀጥሎም የግድግዳዎቹን ካርታ በስክራች እንዲሠራ ወላጆችና መምህራን ጊዜ እንዲሰጡት እጠይቃለሁ፤ በእኔ ክፍል ኩቡ ሁለት ሳምንት፣ ካርታው አንድ ወር ወስዷል።