ጂፒኤስ ወይስ የልብ ምት ቀበቶ፦ ለታዳጊ የሜዳ ሆኪ ቡድን የቱ ይሻላል?

ሁለቱም የተጫዋቿን ድካም ይለካሉ ይባላል። የሚለኩት ግን ለየቅል ነው። በሰደርያ ጀርባ ላይ የሚገባው ጂፒኤስ ስንት ሜትር፣ በምን ፍጥነት እንደሮጠች ይመዘግባል። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ሩጫው ልቧን ምን ያህል እንዳሠራው ያሳያል።

ዋጋ፦ ቀበቶው ይረክሳል። ጂፒኤስ ለሙሉ ቡድን ሲገዛ ኪስ ያራቁታል።

አያያዝ፦ ቀበቶው ውሃ ነካ ተደርጎ ይታሰራል፤ በቀጭን ልጅ ላይ ይንሸራተታል። ጂፒኤስ ሳተላይት እስኪያገኝ ሜዳ ላይ ይጠበቃል፤ አዳራሽ ውስጥ አይሆንም።

ስህተት፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ሆኪ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚጫወቱት። ተከላካይዋ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዱላዋን መሬት አስነክታ አጥቂ ስትገታ ጭኗ ይቃጠላል። ጂፒኤስ ግን «ጥቂት ሜትር» ብሎ ያልፈዋል። የልብ ምት ይህን በከፊል ይይዛል፤ ነገር ግን ይዘገያል። የ3 ሰከንድ ሩጫ ካለቀ በኋላ ነው ከፍ የሚለው። ሙቀትና ፍርሃትም ያንሩታል። የልብ ምት ጣሪያን ለመገመት የሚሠራበትን «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለውን ስሌት ደግሞ ለልጆች ፈጽሞ አልመክርም።

ሌላም አለ። በሆኪ ቅያሪ ገደብ የለውም። በ15 ደቂቃው ሩብ (የጨዋታው አንድ አራተኛ) ውስጥ ወንበር ላይ ያለፈው ጊዜ ካልተቀነሰ የጂፒኤሱ አማካይ ያሳስታል።

ከጉዳት ለተመለሰች ልጅ ሩጫዋን ቀስ በቀስ ለመጨመር ጂፒኤስ ይበጃል። ብርታት ለመገንባትና በጀቱ ለጠበበ ክለብ ቀበቶው ይሻላል። የትኛውም ቢመረጥ የወላጅ ፈቃድ ይቅደም።