ሜሞሪ ይጨመር ወይስ ፕሮሰሰር ይቀየር? በአገር ቤት ስላገኘሁት የላፕቶፕ ጥገና አገልግሎት

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንመለስ ቤተሰብ ከሚያቆይልን ሥራ አንዱ ዘገምተኛ የሆነ ኮምፒውተር ማሠራት ነው። በዚህኛው ጉዞዬ የጠበቀኝ ታናሽ ወንድሜ የሚማርበት ላፕቶፕ ሲሆን፣ አራተኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ (ራም፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለው መረጃ ለጊዜው የሚቀመጥበት) እና ፋይሎች የሚቀመጡበት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው። ሁለት የጥገና ቤቶችን አነጋግሬ ያገኘሁት ምላሽ እጅግ የተራራቀ ስለነበረ፣ ተመሳሳይ ውሳኔ ለሚጠብቃቸው ይጠቅም ይሆናል ብዬ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ቤት ላፕቶፑን ሳይከፍት ፕሮሰሰሩ ስላረጀ በኮር አይ7 መቀየር አለበት አለን። ይህን አገልግሎት ለማንም አልመክርም። ምርመራ ያልቀደመው የዕቃ ሽያጭ ጥገና ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ቤት ያገኘናት ባለሙያ ግን አስቀድማ ወንድሜን በላፕቶፑ ምን እንደሚሠራና በየትኛው ሰዓት እንደሚዘገይበት ጠየቀችው። ከዚያም ዘወትር የሚጠቀምባቸውን ሰነዶችና ድረ ገጾች በሙሉ አስከፍታ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እንደተጠመዱ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር አሳየችን። ሜሞሪው ሞልቶ፣ ዲስኩ መቶ በመቶ ተጠምዶ ሳለ፣ ፕሮሰሰሩ ከአቅሙ ግማሹን እንኳ አልተጠቀመም። ሜሞሪ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያዛውራል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ከሜሞሪ ጋር በማይነጻጸር ሁኔታ ዝግ ያለ በመሆኑ፣ ፕሮሰሰሩ መረጃው እስኪደርሰው ያለ ሥራ ይቀመጣል። የቱንም ያህል ፈጣን ፕሮሰሰር ቢገባበት ያንኑ ዲስክ መጠበቁ አይቀርም። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም ሜሞሪው ክፍት ቦታ እያለው ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ መቶ በመቶ ቢጠመድ፣ ለምሳሌ ቪዲዮ ሲቀናበር እንደሚሆነው፣ ጥያቄው ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞር ነበር፤ ያኔም ቢሆን አቧራና የደረቀ የሙቀት ቅባት ፕሮሰሰሩን አሙቀው ፍጥነቱን እንዲቀንስ አድርገውት እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

ባለሙያዋ ከዚህ በላይ ያስረዳችን ነገር የመጀመሪያውን ቤት ምክር ከንቱ አደረገው። የወንድሜ ፕሮሰሰር ስሙ «ዩ» በሚለው የላቲን ፊደል ከሚያልቁት ወገን በመሆኑ ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚገናኙበት ዋና ሰሌዳ) ጋር ተበይዶ የተሠራ ነው፤ እሱን ለመለወጥ ማዘርቦርዱን መለወጥ ያስፈልጋል። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር መቀየር ቢቻልም መሰኪያው ይወስነዋል። ኤልጂኤ 1150 የተባለው መሰኪያ የሚቀበለው የኢንቴልን አራተኛና አምስተኛ ትውልድ ብቻ ሲሆን፣ የማዘርቦርዱ ባዮስም (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አዲሱን ፕሮሰሰር የሚያውቀው መሆን አለበት።

የሜሞሪው ምርጫም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የአገልግሎቱ ጥራት ይበልጥ የታየኝም እዚህ ላይ ነው። ሜሞሪም ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እየተባለ በትውልድ ይለያል፤ ዲዲአር4 ቅርጹ ስለሚለይ በዲዲአር3 መሰኪያ ውስጥ ጨርሶ አይገባም። በ1.5 ቮልት የሚሠራው መደበኛው ዲዲአር3 እና በ1.35 ቮልት የሚሠራው ዲዲአር3ኤል ግን በቅርጽ አንድ ስለሆኑ ልዩነታቸው የሚታወቀው በጽሑፋቸው ነው። ይህ ላፕቶፕ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነበር። ባለሙያዋ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 64 ቢት መሆኑንም አረጋገጠች፤ ባለ 32 ቢት ቢሆን ኖሮ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሚጨመረው ሜሞሪ ጥቅም ላይ ባልዋለ ነበር። በመጨረሻም ከነባሩ ጋር እኩል የሆነ ባለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ጨምራ ሁለቱ በጥምር እንዲሠሩ አደረገች፤ ዲስኩንም የሚሽከረከር አካል በሌለውና በጣም ፈጣን በሆነው ኤስኤስዲ ተክታ የወንድሜን ፋይሎች በሙሉ አዛወረችለት። ለውጡ ወዲያው የሚታይ ነው።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት የነገረችንን ሐቅ ደግሞ ሌሎች ባለሙያዎችም እንዲናገሩት እመኛለሁ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የአራተኛውን ትውልድ ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፤ ይህንንም ሜሞሪ መጨመር አይለውጠውም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ላፕቶፕ የሚወጣው ገንዘብ መጠነኛ ሊሆን ይገባል፤ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና መጫንም አንድ አማራጭ ነው።

የጎደለ ካልኩ፣ የገቡት ዕቃዎች ዓይነትና የዋስትና ጊዜያቸው በጽሑፍ አልተሰጠንም፤ የሜሞሪ ፍተሻም የተደረገው እኛ ከጠየቅን በኋላ ነው። ፍተሻው ሰዓታት ቢወስድም ስህተት ያለበት ሜሞሪ ፋይል ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ደንበኛው ባይጠይቅም ላፕቶፑን ከማስረከብ በፊት ቢደረግ ይመረጣል።