«ከመንግሥት ፈንድ አስገኝላችኋለሁ» የሚለው ሰውዬ ድሬና ሐረር እየዞረ ነው፣ ተጠንቀቁ

ድሬና ሐረር ያላችሁ የእድር፣ የአፎቻና (የሐረሮቹ እድር መሰል መረዳጃ) የወጣት ማኅበር ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ይረዝማል። አቦ ታገሱኝ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው።

እኔ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አካባቢ የአንድ ሰፈር እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ትልቅ እድር አይደለም። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ድስትና ሰሃን አለን፣ ባንክ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ጥሪት። የሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ የሚያጠኑበት አንድ ክፍል እንሥራ የሚል ሐሳብ ከመጣ ቆይቷል። በዚህ ሙቀት አንድ ክፍል ውስጥ ከስድስት ሰው ጋር ተቀምጦ ማን ያጠናል? ከዚያ ከክፍሉ ጀርባ የምታልፈውን የጎርፍ መውረጃ በድንጋይ እንገንባ የሚል ተጨመረበት። የደቻቱን ነገር ለድሬ ሰው አልተርክም። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው በልቶብናል። እኛ ሰፈር ከበላያችን ደንገጎ ተራራ ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ዛሬም ተነስቶ በር ላይ የሚቆም ሰው አለ።

እናም ሐሳብ እንጂ ገንዘብ የለንም። ሰውዬው የመጣው እዚህች ላይ ነው።

አምና ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ የኮሚቴ አባላችን ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ሻይ ሲጠጣ ተዋወቀው። ላፕቶፕ ይዟል፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። የምን ባጅ እንደሆነ ማናችንም ጠጋ ብለን አላነበብንም። ኮንሰልታንት ነኝ አለ። የፌዴራል መንግሥት ለማኅበረሰብ ፕሮጀክት የመደበው ግራንት፣ የማይመለስ ድጋፍ፣ አለ፣ እስከ 2 ሚሊዮን ብር ይሰጣል፣ ውስጥ ሰው አለኝ፣ የእናንተ ሐሳብ ደግሞ ልክ እነሱ የሚፈልጉት ዓይነት ነው፣ ችግሩ ጊዜ ብቻ ነው፣ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል አለን።

ይህ የሰኔ ነገር ነው የበላን። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው የሰኔን ወከባ ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግዢውም ክፍያውም ስብሰባውም ይጣደፋል። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። «እውነቱን ነው፣ ሰኔ ላይ ገንዘብ ይፈሳል» አሉ። አለቀ፣ ሰውዬውን ከእኛ በላይ እሳቸው አመኑት።

ሌላም እውነት ይዞ ነበር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን ስልኩ ላይ ከፍቶ አሳየን። አዋጁ ውስጥ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። በጎ ፈቃደኝነትን ለማበረታታትና ለጥቃት ተጋላጭ ለሆኑ የኅብረተሰብ ክፍሎች የሚሠሩ ድርጅቶችን ለመደገፍ ተብሎ የተቋቋመ ነው። አነበበልን። ሙሉ ውሸት ቢያወራ ኖሮ እንነቃበት ነበር። አንቀጹን ሲያሳየን ግን ሰውዬው ራሱ አንቀጽ መሰለን።

ፀሐፊያችን አስተማሪ ናት። እሷ ብቻ ስለ ጥሪው፣ ማለትም «ተወዳደሩ» ተብሎ ስለሚወጣው ማስታወቂያ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «ጥሪው የት ነው የወጣው? እኔም ላንብበው።»

«እህቴ፣ ይሄ በየግድግዳው የሚለጠፍ ዓይነት አይደለም» አላት ፈገግ ብሎ።

«የመንግሥት ገንዘብ ከሆነማ ይለጠፋል።»

ሊቀመንበራችን ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ የመጣውን ሲሳይ አታባርሪ።» እኔም ዝም አልኩ። ይህንን ለራሴ አልደብቅም፣ ካሽ ያወጣሁት እኔ፣ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ለፎርም 8 ሺህ ተባልን። ከዚያ ፕሮፖዛል ለማጻፍ 25 ሺህ። በመጨረሻ ደግሞ «ለገምጋሚዎቹ ሻይ» 15 ሺህ። 48 ሺህ ብር፣ የእድር ገንዘብ፣ የቀብር ገንዘብ። ግራንቱ ሲለቀቅ ደግሞ አሥር በመቶው የእሱ። ሁሉም በቴሌብር ነው የሄደው፣ ስንልክ የሚመጣው ስም የሴት ነው። «የእህቴ ሲም ነው» አለ። ደረሰኝ ስንለው «ሲጠናቀቅ አንድ ላይ እቆርጥላችኋለሁ» አለ። እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ እኮ! ለአንድ ኩንታል ከሰል ደረሰኝ የምጠይቅ ሰው ነኝ!

ፕሮፖዛሉ በሁለት ሳምንት መጣ። 31 ገጽ፣ ባለቀለም ሽፋን፣ የእኛ ስም በትልቁ። ሊቀመንበራችን ሽፋኑን አይተው ደስ አላቸው፣ ፀሐፊያችን ወስዳ አነበበችው። ማታ ስልክ ደወለችልኝ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። ገጽ 9 ላይ የእኛ ሰፈር ደጋ ነው። ገብስና ድንች እናመርታለን። ገጽ 14 ላይ ከሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች የፕሮጀክቱ ተጠቃሚ ይሆናሉ ይላል። ሐይቅ! ድሬ ላይ! ቧንቧ መጣ አልመጣ እያልን በርሜል ደርድረን የምናድር ሰዎች ዓሣ አጥማጅ ሆንን። የልጆቹ ጥናት ክፍል አንድ አንቀጽ ብቻ ነው ያለው፣ የጎርፍ መውረጃዋ ጭራሽ የለችም። ደወልንለት። «እሱ ቴምፕሌት ነው፣ እነሱ የሚያዩት በጀቱን ነው» አለ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብን። ግን 33 ሺህ ገብቷል፣ ሰው ደግሞ የከፈለበትን ነገር መጠራጠር አይወድም። ያቺን የመጨረሻዋን 15 ሺህ የላክነው ዓሣ አጥማጆቹን ካየን በኋላ ነው። ፀሐፊያችን ይህንን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ሐምሌ ገባ፣ ስልኩ ይጠራል፣ መነሳት ግን ተወ። ከዚያ እኔና ፀሐፊያችን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። አንዲት ባለሙያ በትዕግሥት አዳመጠችንና መጀመሪያ የጠየቀችን «የምዝገባ ምስክር ወረቀታችሁስ?» ብላ ነው። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ አወጣን። ራሷን ነቀነቀች። ያ ሰውዬው ያሳየን አዋጅ ራሱ እድርን፣ እቁብንና የሃይማኖት ተቋማትን በግልጽ ከውስጡ አውጥቷቸዋል። እድር ሕገወጥ ነው ማለት አይደለም፣ ይህ አዋጅ አይመለከተውም ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ አዋጅ ለተመዘገቡ ድርጅቶች ብቻ የሚወጣ ጥሪ ቢኖር እንኳ እድር ሆነን ልንገባበት አንችልም ነበር። ሰውዬው አንቀጽ መርጦ ነው ያነበበልን። ስልኩን ተቀብለን ሌላ ገጽ ብንከፍት ኖሮ 48 ሺህ ብር ኪሳችን ነበር። ጥሪ የተባለውም ነገር ጨርሶ አልነበረም።

ይህንን ላልሰሙ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ቀድመን ብናውቀው ይጠቅመን ነበር። መወዳደር የሚፈልግ ሰፈር ከእድሩ ጎን ራሱን የቻለ ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ማኅበር ለመባል አምስትና ከዚያ በላይ አባላት፣ የበላዩ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ድሬዳዋ ክልል ስላልሆነች አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮች የሚሠሩ ድርጅቶችን በስም ጠቅሶ ያስገባቸዋል፣ ምዝገባው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ሐረር ያላችሁ ግን ክልል ናችሁ። በሐረሪ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማኅበር ጉዳዩ ከክልሉ ጋር ነው፣ ስለዚህ የድሬን ወረቀት ኮርጃችሁ አትሂዱ። ከምዝገባው በኋላ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ፣ ሲቆይ ደግሞ የሥራና የኦዲት ሪፖርት ይመጣል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እኛም ይህን መንገድ ዘለን በአቋራጭ ልንሄድ ስንል ነው ሰውዬው እጅ የወደቅነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮንሰልታንት ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። ፕሮፖዛል ጽፎ የሚበላ ጨዋ ሰው አለ። ጨዋው ግን ገንዘብ ሳይቀበል መጀመሪያ ጥሪውን አብሯችሁ ያነባል፣ መስፈርቱን ካላሟላችሁ አታሟሉም ይላችኋል። ዋጋው የታወቀ ነው፣ ውል ይፈርማል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ብታሸንፉም ብትሸነፉም ክፍያው ያው ነው። «ገንዘቡ እርግጥ ነው» የሚላችሁ ሰው ግን ውጤት ነው የሚሸጥላችሁ፣ የውድድር ውጤት ደግሞ የእሱ ንብረት አይደለም። ያቺ አሥር በመቶ ራሷ ብታስቡት ትስቃላችሁ። በጀቱ ላይ ምን ብለን ልንጽፋት ነበር? በአዋጁ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ እያንዳንዱም ብር በኦዲተር ፊት ያልፋል። 200 ሺህ ብር «ለሰውዬው» ተብሎ ይጻፍ?

አሁን ዋናው ተንኮል። «ለገምጋሚዎቹ ሻይ» ያላት 15 ሺህ። ሻይ ማለት ጉቦ ነው፣ እሱም ያውቃል እኛም እናውቅ ነበር። ያቺን ገንዘብ የጠየቀው ለገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም፣ አፋችንን ለመዝጋት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ፖሊስ ጋ ያልሄድነው በእሷ ምክንያት ነው። ሄደን ምን እንላለን? ጉቦ ስጥልን ብለን የሰጠነውን ገንዘብ በላብን? ሊቀመንበራችን በዚያ ሰሞን ለቅሶ ቤት እንኳ ቀና ብለው አይቀመጡም ነበር።

ዝም ብለን እንቀር ነበር፣ ወረቀቱ ባይመጣ። ምን መሰላችሁ፣ ሰውዬው ግንቦት ላይ «ለየደብዳቤው እናንተን ከማመላልስ» ብሎ አርማችን ያለበትን ስድስት ባዶ ወረቀት ማኅተምና ቲተር (የስም ማኅተም) አስመትቶ ወስዷል። የአምስታችንን መታወቂያ ኮፒም ወስዷል። ነሐሴ ላይ ቀፊራ ገበያ የሚነግድ አንድ ወዳጃችን አስቆመኝና «ያቺ ያዋጣናት ነገር ደረሰቻችሁ?» አለኝ። የምን መዋጮ? ከመሳቢያው ደብዳቤ አወጣ። የእኛ አርማ፣ የእኛ ማኅተም፣ የሊቀመንበራችን ስም፣ «ለጎርፍ ተጎጂዎች የገቢ ማሰባሰቢያ»። ጎርፍ! በዚያች ቃል ድሬ ላይ የማይሰጥ ሰው የለም። ነጋዴው 3 ሺህ ሰጥቷል። ስንቱ ጋ እንደሄደ ገና አልጨረስነውም፣ እስካሁን ከስድስቱ ሁለቱን ወረቀት ብቻ ነው ያገኘነው።

ገንዘቡ ይቅር፣ ያ ወረቀት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እኛ በዚህ ሰፈር ያለን ስማችን ነው። አንድ ሰው ሲሞት ሌሊት በር የምናንኳኳው በዚህ ማኅተም አይደለም፣ ግን ጠዋት ለሱቁ ዱቤ የምንጽፈው በዚህ ማኅተም ነው። በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተን ለአባላቱ ሁሉንም ነገርናቸው፣ ሻዩንም ሳይቀር። ተሰደብን፣ ይገባናል። ማኅተሙን ቀየርን፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን፣ አሮጌው የማይሠራ መሆኑን በየሱቁ እየዞርን ተናገርን። ከዚያ ፖሊስ ጋ ሄድን። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ ማታለል ነው፣ ክሱ በዚያ ይሆናል ተባልን። የጠቀመን ነገር ቢኖር የቴሌብር መልእክቶቹን አለማጥፋቴ ነው፣ ከ127 የመጡት ሦስቱም ቀን፣ ሰዓት፣ ስምና መጠን ይዘው ስልኬ ላይ ነበሩ። እናንተም የሆነ ነገር ከከፈላችሁ አታጥፉ፣ አትሙት። ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም የመታችሁ ካላችሁ ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ ቀይሩ።

ክፍሉ አልተሠራም። ልጆቹ ማታ ማታ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ነው የሚያጠኑት፣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ከቤቱ ገመድ ስቦ አምፖል አብርቶላቸዋል። ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ጥናት የለም። ማኅበሩን ግን ለማቋቋም ሰው መዝግበናል፣ ደንቡን ፀሐፊያችን እየጻፈች ነው።

ይህን ዛሬ የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ አንድ አፎቻ ዘንድ አንድ ኮንሰልታንት መጥቶ ነበር። ላፕቶፕ፣ ባጅ፣ ሰኔ 30፣ ሁሉም አንድ ነው። ከአፎቻው ሴቶች አንዷ የፀሐፊያችን የአክስት ልጅ ናት፣ ታሪኩን ሰምታለች። ሰውዬው ወሬውን ጨርሶ ስለ ፎርም ዋጋ ሲጀምር «ጥሪው የት ነው የወጣው?» አለችው። ስልክ ደረሰኝ ብሎ ወጣ። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።