ጠባብ የብስክሌት ጎማና የማስገቢያው ጃክ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ባሕር ዳር ውስጥ ጎሚስታ ማግኘት አይቸግርም። ነገር ግን ጎሚስታው በየቀኑ የሚነካው ወፍራሙን የከተማ ብስክሌት ጎማ ነው፤ እሱ በእጅ ተስቦ ይወጣል፣ በእጅ ተገፍቶ ይገባል። የውድድር ብስክሌት ቀጭን ጎማ፣ በተለይ ያለ ከመነዳሪም እንዲሠራ ታስቦ በተሠራ ቸርኬ ላይ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አውራ ጣት ይላጣል እንጂ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ለዚህ ብዬ የጎማ ማስገቢያ ጃክ በዘመድ በኩል ከውጭ አስመጣሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ቤትም መንገድም ላይ ሠርቼበታለሁ።

መሣሪያው ቀላል ነው። ረጅም የፕላስቲክ እጀታ አለው፤ ጫፉ ላይ በአንድ በኩል የቸርኬውን የወዲያኛውን ግድግዳ የሚደገፍ ክፍል፣ በሌላ በኩል የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ መንጠቆ አለ። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሣው መንጠቆው የጎማውን ጠርዝ ከግድግዳው በላይ አሻግሮ ወደ ቸርኬው ውስጥ ይጥለዋል። ከተለመደው የጎማ ማውጫ ፕላስቲክ የሚለየውም በዚህ ነው። ማውጫውን ለማስገቢያ ከተጠቀምክበት በጎማውና በቸርኬው መሃል ገብቶ ከታች ያለውን ከመነዳሪ ይቆነጥጣል፤ አዲስ ከመነዳሪ ከማሸጊያው በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚበሳው በዚህ ምክንያት ነው። ጃኩ ግን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ጠርዙን የሚይዘው ከውጭ ነው። በነዚህ ወራት ውስጥ ጎማ ሳስገባ ከመነዳሪ በስቶብኝ አያውቅም። ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋውን አውጥቷል።

ይሁን እንጂ ጃኩን የገዛ ሰው ሁሉ ችግሩ ያልቅለታል ብዬ አልጽፍም። ጎማው ለምን እንደሚጠብቅ ካልተገነዘቡ ጃኩም ይታገላል፣ በኃይል ከተጫኑት ደግሞ የጎማው ጠርዝ ይጎዳል።

ነገሩ የሚሊሜትር ጉዳይ ነው። ጎማዬ ላይ 25-622 የሚል ተጽፏል፤ 25 ስፋቱ፣ 622 ደግሞ የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዙሪያ ዲያሜትሩ ነው፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። የቸርኬው ግድግዳ ከዚህ መቀመጫ ከፍ ይላል። ጠርዙ ውስጥ ያለው ሽቦ ወይም ጠንካራ ክር ደግሞ አይለጠጥም፤ ቢለጠጥማ ጎማው በኃይል ሲነፋ ከቸርኬው ይወጣ ነበር። ታዲያ የማይለጠጥ ክብ ከራሱ የሚበልጥ ግድግዳ እንዴት ይሻገራል? መልሱ ቸርኬው መሃል ላይ ያለው ጎድጓዳ ነው። እኛ የቸርኬው ሆድ እንለዋለን። ጠርዙ ከመቀመጫው ወርዶ ሆዱ ውስጥ ሲተኛ የሚጓዝበት ዙሪያ ያጥራል፤ የተረፈው ርዝመት ተጠራቅሞ እጅህ ወዳለበት ይመጣል። ያ ትርፍ ነው ግድግዳውን የሚያሻግረው።

ይህን በደንብ ያሳዩኝ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ናቸው። ጃኩ ገና ሳይደርሰኝ ነው፤ ጎማውን ይዤ ሄድኩ። ከጎናቸው ካቻቢቴ ስላየሁ ፈራሁና፣

«ጋሼ፣ በካቻቢቴ ባይነኩት ደስ ይለኛል፤ ቸርኬው ይጫራል» አልኳቸው።

«ካቻቢቴ ማን አነሣ? ና፣ ያዝልኝ» አሉኝ። ጎማው እምቢ ያለበትን ቦታ እንኳ አላዩትም። ቸርኬውን ገልብጠው ከማዶ በኩል ጀመሩ። በሁለት መዳፋቸው የጎማውን ሁለቱንም ጎን እየጨመቁ፣ ጠርዞቹን ወደ መሃል እየገፉ፣ ከታች ወደ ላይ በሁለቱም በኩል እኩል መጡ። በየስንዝሩ ቆም ብለው በአውራ ጣት ይዳስሳሉ። እላይ ሲደርሱ ቅድም አንድ ስንዝር የነበረው የቀረ ጠርዝ አራት ጣት ያህል ሆኗል። «አንተ ልጅ፣ የጠበቀው እዚህ መሰለህ እንጂ እዚያ ማዶ ነው» አሉና በመዳፋቸው አንከባለው አስገቡት።

ከዚያ ወዲህ ጃኩንም የምጠቀመው በእሳቸው ሥርዓት ነው። ማስገባት የምጀምረው ከቫልቩ ማዶ ሲሆን የምጨርሰው ቫልቩ ላይ ነው። ቫልቩ ባለበት ቦታ የከመነዳሪው ወፍራም እግር ሆዱን ስለሚዘጋው ጠርዙ እዚያ ጋ መውረድ አይችልም። በቫልቩ ጀምሮ ማዶ መጨረስ ማለት መውረድ የሚችለውን ቦታ ትቶ በማይችለው ላይ መታገል ነው። ጠርዙ ከገባ በኋላ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል፤ ከሥሩ የተያዘ ከመነዳሪ ካለ ይለቀቃል። ከዚያ ትንሽ ነፋስ ሰጥቶ ሁለቱንም ጎን እየገፉ ዙሪያውን ማየት ነው። ከጎማው ሥር ከመነዳሪ ብቅ ካለ እንደገና አስተንፍሶ ማስተካከል ይገባል፤ በዚያው ከተነፋ ይፈነዳል።

ብዙ ሰው የማያየው ነገር የቸርኬው ማሰሪያ ቴፕ ነው። ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙትን ሽቦዎች ቀዳዳ የሚሸፍነው ቴፕ ሆዱ ውስጥ ስለሚተኛ ውፍረቱ የሆዱን ጥልቀት ይበላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቴፑ በ1 ሚሊሜትር ከወፈረ የሆዱ ዙሪያ በ6 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ያ ማለት ከምታተርፈው ርዝመት ላይ ያን ያህል አጣህ ማለት ነው። ቸርኬዬ የመጣው ወፍራም የላስቲክ ማሰሪያ በቴፕ ፈንታ ታስሮበት ነበር። እሱን አውጥቼ በቀጭን ጠንካራ ቴፕ ስተካው የፊተኛው ጎማ ያለ ጃክ በመዳፍ ብቻ መግባት ጀመረ። ከገንዘብ አንጻር ካየነው ከጃኩ በፊት መቀየር ያለበት ቴፑ ነው፤ ይህን በእርግጠኝነት እላለሁ።

ማውጣትን በተመለከተ ጃኩ ምንም አይረዳም። ሥራው አይደለምና አልወቅሰውም፣ ግን ገዢው ቀድሞ ይወቀው። ያለ ከመነዳሪ እንዲሠሩ በታሰቡ ቸርኬዎች ላይ መቀመጫው አጠገብ ትንሽ ጉብታ አለ፤ ጠርዙ ነፋስ ካለቀም በኋላ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ማውጫ ፕላስቲክ ከማስገባት በፊት ጠርዙን በአውራ ጣት ገፍቶ «ጧ» ብሎ ከመቀመጫው እስኪለቅ መጣል፣ ዙሪያውን ሁሉ፣ በሁለቱም ጎን። ከዚያ ማውጫውን ከቫልቩ ትንሽ ራቅ አድርጎ ማስገባት፣ ሌላ እጅ ደግሞ ማዶ ያለው ጠርዝ ሆዱ ውስጥ መሆኑን እየጠበቀ። ይህ ሳይደረግ ማውጫውን የሚጫን ሰው ማውጫውን ይሰብራል። ደህና ሁለት ወፋፍራም ማውጫዎች ከጃኩ ጋር አብሮ መያዝ ግድ ነው፤ ቀጫጭኖቹ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

መንገድ ላይ እንዴት እንደሠራ ልናገር። ከባሕር ዳር በመርዓዊ፣ በወተት ዓባይና በዱርቤቴ አድርጎ ዳንግላ ድረስ ያለው መንገድ ለልምምድ ደስ ይላል፤ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ደጋው እየከፋ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ጎማ የሚበሳው እሾህ ብቻ አይደለም። ከፈነዱ የጭነት መኪና ጎማዎች የሚረግፉት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ከእሾህ ይብሳሉ፤ ዓይን አያያቸውም፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ እርጥቡ ጎማ በቀላሉ ይቆረጥላቸዋል። እንጅባራ ልደርስ ስል የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ካፊያ ነበር፣ እጄ ደንዝዟል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አውራ ጣት አይታዘዝም። ሽቦውን ከውስጥ ፈልጌ በጥርስ ነቀልኩት፣ አዲስ ከመነዳሪ አስገባሁ፣ ማዶውን በመዳፍ ወደ ሆዱ አወረድኩና የመጨረሻዋን በጃኩ አሻገርኩ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከበውኝ ነበር፤ አንዱ «ጋሼ፣ በቃ ገባ?» አለኝ እየተገረመ። ብርዱ ባለበት ቦታ ጃኩን የሚተካ ነገር አላገኘሁም። ቆላው ላይ ግን ጎማውን ጥቂት ፀሐይ ላይ ማቆየት ብቻውን ብዙ ያግዛል፤ ሽቦው ባይለጠጥም ላስቲኩ ይለዝባልና።

የሚያስቸግረው ርዝመቱ ነው። ከመቀመጫ ሥር በምትንጠለጠለው ቦርሳ አይገባም፤ እኔ በሹራቤ የኋላ ኪስ ነው የምይዘው፣ ጫፉም ወገብ ላይ ይሰማል። መንጠቆው በጊዜ ብዛት ጫፉ ትንሽ ተልጧል፤ ሥራውን ግን አልቀነሰም። ደረቅ ጎማ ላይ ከመጠቀም ጠርዙን በሳሙና ውሃ ማርጠብ ይሻላል፤ መንጠቆውም አይላጥም፣ እጅም አይደክምም። ዘይትና ቅባት ግን በፍጹም አይነካ፤ ላስቲክ ይበላል፣ ፍሬን የሚይዘውንም የቸርኬ ግድግዳ ያንሸራትታል።

«ለምን በቀላሉ የሚገባ ላላ ያለ ጎማ አትገዛም?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ደጀን ሄደው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ በብስክሌት ቢሞክሩት አይሉኝም ነበር። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ብስክሌት ላይ ረጅም ቁልቁል ቸርኬውን ያግላል፣ የነፋሱም ግፊት ከፍ ይላል። እዚያ ላይ ጎማ ቢፈነዳ፣ ቸርኬውን አጥብቆ የያዘ ጎማ ባዶውንም ቢሆን ለመቆም ጊዜ ይሰጣል፤ ልል ጎማ ግን ከቸርኬው ወጥቶ ከፍሬኑ ወይም ከሹካው ጋር ይጠላለፋል። ቤት ውስጥ አውራ ጣቴን ያስቸገረኝ ጥብቀት እዚያ የሚጠብቀኝ ነው። ስለዚህ ልል ጎማ ፍለጋ አልሄድም፤ ጠባቡን በአግባቡ ማስገባትን እመርጣለሁ።

ጎማው ራሱ ከወራት በኋላ መጠነኛ ለውጥ አሳይቷል። ተደጋግሞ ሲወጣና ሲገባ ጎኑ ለዝቦ፣ አዲስ ሳለ ያለ ጃክ የማይሞከረው የኋላው ጎማ አሁን ቤት ውስጥ በመዳፍ ብቻ ይገባል። መንገድ ላይ ግን ጃኩን ትቼ አልወጣም። ወፍራም ጎማ ለሚነዳ ሰው ይህ መሣሪያ ትርፍ ወጪ ነው፤ ቀጭን ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ላለው፣ በተለይ ከከተማ ርቆ ብቻውን ለሚሄድ፣ ቴፑን ከቀየረ በኋላ ይግዛው። የኔ የኋላ ጎማ መሃሉ ስላለቀ ከክረምቱ በኋላ እቀይረዋለሁ፤ የምገዛውም ያንኑ ጠባቡን ነው።