የሲጋር መቁረጫና ላይተር፦ አንዱ ይገዛል፣ ሌላው ለቆላ ይቅር

ሥራዬ የሠርግ ፎቶ ነው፤ ከተማዬ ደብረ ብርሃን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሙሽሮችና ሚዜዎች ሲጋር፣ ያንን ከትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለል ወፍራም፣ ይዘው ካልተነሱ ሠርጉ የተሠረገ አይመስላቸውም። ሱፍ፣ ጥቁር መነጽር፣ ሲጋር። ሲጋሩን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞት ይመጣል። አቆራረጡን የሚያውቅ ግን የለም። አንዱ በጥርሱ ይነክሰዋል። ሌላው በምላጭ ይገዘግዘዋል። ሦስተኛው ደግሞ ሳይቆርጥ አፉ ውስጥ ይከተውና «ይሄ ነገር አይስብም እኮ» ይላል።

ሲሰለቸኝ ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ለጀማሪ የሚሆን የተባለ ሙሉ ዕቃ በ3,500 ብር ገዛሁ። በጥቁር ሣጥን ውስጥ ባለ ሁለት ስለት መቁረጫና ቶርች የሚሉት፣ ሰማያዊ ነበልባል የሚተፋ ላይተር አለ። ከላይተሩ ሥር ደግሞ የሲጋሩን ጫፍ በመቁረጥ ፈንታ የሚበሳ ትንሽ ክብ መብሻ ይወጣል። ላይተር ለብቻው ከውጭ አስመጣለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ ቶርች ላይተር አውሮፕላን ላይ አያሳልፉም።

መቁረጫው የተከፈለበት ብር አይቆጭም። ላይተሩ ለደጋ ሰው አይሆንም።

ከመቁረጫው ልጀምር። የሲጋር አንዱ ጫፍ ክፍት ነው፣ የተጠቀለለው ቅጠል ይታያል፤ እሳት የሚነካው እሱ ነው። ሌላኛው ጫፍ ድፍን ነው፤ ወደ አፍ የሚሄደው እሱ ነው። ድፍኑ ጫፍ ላይ ከቅጠል የተሠራች ትንሽ ቆብ ተለጥፋለች። ብርሃን ላይ ጠጋ አድርጋችሁ ብታዩት ቆቧ የምታልቅበት ስስ መስመር አለ። ጨዋታው ሁሉ እዚህ መስመር ላይ ነው። የሚቆረጠው ከመስመሩ ወደ ጫፉ በኩል፣ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። መስመሩን ካለፋችሁ ላይኛውን ቅጠል የሚይዘው ነገር የለም፤ እንደ ላላ መቀነት እየተፈታ አፋችሁ ውስጥ ይገባል።

2 ሚሊ ሜትር በዓይን መለካት ለጀማሪ ከባድ ነው። ለዚህ ቀላል ዘዴ አለው። መቁረጫውን ጠረጴዛ ላይ ጋደም ታደርጉታላችሁ፣ ሲጋሩን ቆቡን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዳዳው ውስጥ ታቆሙታላችሁ። ጠረጴዛው ስለሚያግደው ከሚገባው በላይ አይገባም። ስለቶቹ ሲጋሩን እስኪነኩ ቀስ፣ ከዚያ ሳያመነቱ ቀጭ። ፈራ ተባ እያሉ ከቆረጡት ስለቱ ቅጠሉን ይጨፈልቀዋል። ከተቆረጠ በኋላ ሳይለኮስ አንዴ ሳብ አድርጉት። አየሩ እንደልብ ካለፈ ጨርሳችኋል። ካስቸገረ ትንሽ መጨመር ይቻላል፤ የተቆረጠውን መመለስ ግን የለም።

የዚህ መቁረጫ ስለት እስካሁን አልደነዘም። ሁለቱም ስለት እኩል ስለሚገናኝ የሚወጣው ቁራጭ እንደ ሳንቲም ክብ ነው። አያያዙም ለወፍራም ጣት ይሆናል። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፦ ዘግቶ የሚቆልፈው ነገር ስለሌለው ኪስ ውስጥ ሲገባ ስጋት ነው። መብሻውን ብዙ አልወደድኩትም። ክብ ጫፍ ላይ ይሠራል፣ ሾጣጣ ሲጋር ላይ ግን ዋጋ የለውም።

የኛን አገር የበጋ አየር ደግሞ ሻጩ አያውቀውም። ሲጋር የሚስማማው ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ነው። ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ሲጋርም ይሰነጠቃል። በጣት ጫን ስትሉት ሰጠም ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ሠርጉ እስኪደርስ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ እርጥበት ከሚጠብቀው ትንሽ ከረጢት ጋር አስቀምጡት። ሊቆረጥ ሲል ደግሞ ቆቡን በከንፈር ትንሽ ማራስ ይጠቅማል። በደረቁ ከተቆረጠ ስንጥቁ እስከ ወገቡ ይወርዳል።

አሁን ወደ ላይተሩ። የሚሸጠው ባዶውን ነው፤ ጋዙ ለብቻ ይገዛል። ከመሙላታችሁ በፊት ሥሩ ያለችውን ቀዳዳ በቀጭን ብረት ጫን አድርጋችሁ ውስጡ የቀረውን አየር አስወጡ። ከዚያ ላይተሩን ገልብጣችሁ ጋዙን ከላይ ወደ ታች ሙሉት። ይህን ሁሉ አድርጌ፣ ሱቁም ቤቴም ሞክሬው፣ ሙሽሮቹን ይዤ ጣርማ በር ወጣሁ። ከዚያ ገደል አፋፍ የሚነሳ ፎቶ ሌላ ነው። ሲጋሩ በወግ ተቆረጠ። ላይተሩን ተጫንኩት። ጠሽ። ደገምኩት። ጠሽ፣ ጠሽ። ጋዙ ይወጣል፣ ብልጭታው አለ፣ ነበልባል ግን የለም። ሚዜዎቹ በነፋሱ ተንቀጥቅጠው ሊሞቱ ነው።

የሙሽራው አጎት ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዩን ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ክብሪት ጠፋ በአገሩ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዘመናዊው ነው እኮ» አልኳቸው።

«ዘመናዊውማ አየነው» ብለው ከኪሳቸው ክብሪት አወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶርች ላይተር ጋዙን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው የሚያነደው፤ ልኩም የተሠራው ዝቅ ላለ አገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጋዙ ይበዛና ድብልቁ አልነድ ይላል። ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ላይተሩ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ቡቴን የሚሉት፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከፈሳሽነቱ አልነሳ ይላል፤ የታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ላይ ላይተሩ ባዶ የሆነ ይመስላችኋል። መፍትሔው ላይተሩን ብብት ሥር ማሞቅና ሥሩ ያለችውን መጠን ማስተካከያ መቀነስ ነው። መጨመር ሳይሆን መቀነስ! ይህን ሳደርግ ደብረ ብርሃን ላይ አንዳንዴ ይነሳል። ጣርማ በር ላይ ግን ንቅንቅ አላለም።

ያው ላይተር 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አንበሳ ሆነ። ገና ከመነካቱ ቷ ብሎ ይነሳል።

ደጋ ላይ ላላችሁ እንግዲህ የእንጨት ክብሪት ይበቃል። ከኪዮስክ የሚገዛው። ሁለቱን ባንድ ላይ ጫሩና ጭንቅላታቸው ነዶ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ የድኙ ሽታ ሲጋሩ ውስጥ እንዳይገባ ነው። የሲጋሩን ክፍት ጫፍ ከነበልባሉ በላይ ያዙት፣ እሳቱ ሳይነካው። ገና አፍ ውስጥ አይገባም። በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት። መጀመሪያ ጠርዙ ዙሪያውን ይጠቁራል፣ ከዚያ ወደ መሃል ፍም ይሆናል። ያን ጊዜ ሌላ ክብሪት ጫሩ፣ ሲጋሩን አፍ ላይ አድርጉና እያዞራችሁ ሳብ ሳብ አድርጉ። በመጨረሻ ጫፉን እፍ ብላችሁ እዩት። ፍሙ ዙሪያውን እኩል ከቀላ ተለኩሷል፤ ጥግ ላይ ጥቁር ከቀረ እዚያ ብቻ እሳት ጨምሩ። ሻማ፣ ጧፍ፣ ቤንዚን ላይተር አይሆኑም፤ ጠረናቸው ከሲጋሩ ጋር ይጋባል።

ጭሱ አፍ ውስጥ ቆይቶ ይወጣል እንጂ ወደ ሳንባ አይወርድም። እንደ ሲጋራ የሳበ ሚዜ ሲያስል ግማሽ ሰዓት ፎቶ አቁሞብኛል። ወደ ሳንባ አይወርድም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ለፎቶው ከሆነ ተለኩሶ ትንሽ ጭስ ካወጣ ይበቃል። አመዱን አታራግፉት፣ አንድ ጣት ያህል ሲረዝም ፎቶ ላይ ያምራል፤ ነጭ ቬሎ አጠገብ ግን አደራ። ሲበቃችሁ አትደፍጥጡት፣ አመድ ማራገፊያው ላይ ተዉት፣ ራሱ ይጠፋል። ሲደፈጠጥ ሽታው ሌላ ነው።

አዳራሽ ውስጥ አይሞከርም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ደጅም ቢሆን ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ አለ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነም አይሸጥም። ከአዋጁ በላይ ግን እናቶች አሉ። አንዴ የሙሽራው እናት ልጃቸውን ሲጋር አፉ ላይ እንዳደረገ ሲያዩት «በስመ አብ! እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?» ብለው ድንኳኑን አናወጡት። ፎቶውን አጥፋ ብለውኛል። ከአልበሙ አወጣሁት፤ ለሙሽራው በቴሌግራም ላኩለት።

ላይተሩን ልመልስ ብዬ ሱቁ ጋ ደውዬ ነበር። «እዚህ በደንብ ይሠራል፤ የተሸጠ ደግሞ አይመለስም» አለኝ ልጁ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ እንደምትል ላስረዳው ሞከርኩ፣ ስልኩ ተቋረጠ። መቁረጫውን አስቀርቼ ላይተሩን ሸዋ ሮቢት ላለ የሙያ ጓደኛዬ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩለት። እስካሁን አልደወለም።